የግማሽ በቅሎ ባለቤት

ባሌ ሲሞት አንዲት ጡት ያልጣለች ልጅ፣ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ጎጆ፣ ከጎኗ ያለች ቁራጭ መሬትና ግማሽ በቅሎ ተወልኝ። ግማሽ በቅሎ ስል ሰው ይስቃል። «የፊቱ ነው ወይስ የኋላው?» ይሉኛል። እኔም ጠያቂውን አይቼ ነው የምመልሰው፤ ለደግ ሰው የፊቱ እላለሁ፣ ላልወደድኩት ደግሞ የሚራገጠው።

ሌላው ግማሽ የአንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ሙስሊም ናቸው፤ በዕድሜ ከባሌ በጣም ይበልጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከመናገራቸው በፊት ቃሉን እንደ ምስር የሚለቅሙ ሰው ነበሩ። ጣልያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ያንን ገደል ወጥቶ መውረድ የሚችል በቅሎ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም አንድ ሰው ለብቻው አይችለውም። ስለዚህ ባሌና እሳቸው ተሻረኩ። አንዱን ሳምንት እሳቸው፣ አንዱን ሳምንት እኛ። እሳቸው በርበሬና ጥጥ ወደ ደጋ ያወጣሉ፤ እኛ ገብስና ባቄላ ወደ ቆላ እናወርዳለን፣ አንዳንዴም ደብረ ብርሃን ገበያ እንዘልቃለን። ሐሙስ ሐሙስ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ካለች ዋንዛ ሥር እንቀባበላለን።

ዋንዛዋ ሥር ሲዋዋሉ እኔም እዚያው ነበርኩ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክር ከተባለ እኔና በቅሏ ነን። በየተራው የተገኘው ትርፍ የባለ ተራው ይሁን ተባባሉ። በባለ ተራው ቸልታ ጉዳት ቢደርስ ባለ ተራው ይቻለው፣ ከፈጣሪ የመጣ ግን የሁለቱም ይሁን አሉ። ድርሻውን መሸጥ የፈለገ ሸሪኩን ሳይጠይቅ ለሌላ ሰው እንዳያቀርብም ቃል ተገባቡ። ባሌ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ልቡ ቶሎ ሄዶ መጫን ላይ ነበር። በመጨረሻ ሸሪካችን ተነሥተው መዳፋቸውን ከበቅሏ ትከሻ እስከ ወገቧ አሳለፉና፣ «ጀርባዋ ግን ተራ የለውም፤ ሁልጊዜ የሁለታችን ነው» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲቀባበሉ የሚሰጠው «ጀርባዋን እይ» ይላል፤ የሚቀበለው ዳብሶ «አይቻለሁ» ይላል። ይኼ ሳይባል ገመዷ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ገጣባ በቅሎ ይዞ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ከጭነቱ ሥር የሚገባው ድልድል በደንብ ካልተነጠፈ፣ ጭነቱም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጀርባዋን ይልጠዋል። ቁስሉ ቢድን እንኳ በቦታው የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በባለቤቷ ላይ ያሳብቃል። የኛዋ ዳማ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ አንዲት ነጭ ጠጉር አልነበረባትም።

በብልጠት ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። በእሳቸው ሳምንት ዓርብ ቀትር ላይ ጌታዋ ለስግደት ሲቆሙ እሷም ትቆማለች። በኛ ሳምንት ደግሞ እሑድ አትጫንም፣ በታቦቱ ቀንም አትጫንም። ጥቂት ወራት እንደቆየች በኛም ተራ ዓርብ ቀትር ሲሆን መሀል ዳገት ላይ ቀጥ ማለት ጀመረች፤ በእሳቸው ተራ እሑድ ጠዋት ድልድሉን ስታይ ጆሮዋን ትጥላለች። «ይቺ በቅሎ ሁለት ሃይማኖት ይዛ በሁለቱም ሥራ ፈታች!» ብለው ሸሪካችን ሲያማርሩ ባሌ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ዛሬ ባሌን ሳስበው በዚያ ሳቁ ነው የማስበው።

እሱን የገደለው ጣልያን አይደለም፤ የቆላ ንዳድ ነው። በዚያ ዘመን የሞተ ወንድ ሁሉ በጥይት የሞተ ይመስላቸውና ሰዎች ይጠይቁኛል። ባሌ አልጋው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እጄን ይዞ ነው የሞተው። ወጣት ነበርኩ፣ እወደው ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ለቅሶው ላይ ሸሪካችን ከነባለቤታቸው ገደሉን ወጥተው መጡ። እሳቸው ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ባለቤታቸውን እታለም እላቸው ነበር፤ እታለም ልጄን ከጀርባዬ አውርደው እስኪመሽ ታቅፈዋት ዋሉ። ስታለቅስባቸው በማላውቀው ዜማ ያባብሏት ነበር።

አሁን ዋርሳዬን ማምጣቴ ነው፤ የባሌን ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው። ታላቅ ነውና አንቱ ብዬ ላወራለት ይገባኝ ነበር፤ አንደበቴ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል። እሱ ተዝካሩ ሳይወጣ ነገሩን ጨርሶት ኖሯል። ደብረ ብርሃን ለጣልያኖቹ ስንቅ የሚያቀርብ አንድ ሰው ግማሿን በቅሎ ሊገዛ ተስማምቷል። እኔና ልጄ ወደ ዋርሳዬ ቤት እንገባለን፤ ቁራጯ መሬቴ ከእሱ እርሻ ጋር ትታረሳለች። «ሴት ልጅ በገደል መንገድ ከእስላም ነጋዴ ጋር በቅሎ ስትቀባበል ቤተ ዘመድ ምን ይላል?» አለኝ። ያለ በቅሎ ቤቴን ይዤ መቆየት እንደማልችል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በቅሏ ከሄደች የሱ ሚስት ማጀት ገብቼ፣ የሷን ሊጥ እያቦካሁ፣ ልጄም የሷን ልጆች እያዘለች ማደጓ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሸሪካችንም ተጠርተው መጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ልጄን እያጠባሁ እሰማለሁ።

«ግማሹ ሲሸጥ መጀመሪያ መጠየቅ የኔ መብት ነው፤ ቃላችን ይኼ ነበር» አሉ ሸሪካችን።

«ይኸው ተጠየቁ። ይግዙት» አለ ዋርሳዬ።

«አልገዛም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይግዛ።»

«እሱንም አልፈቅድም። ባለቤት ያለውን ዕቃ ማን ይሸጣል? ሸሪኬ ሞቷል፤ ፈጣሪ ይማረው። ቃሉ ግን ያውልህ፣ ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ ልጅ ታጠባለች።»

ከሽማግሌዎቹ መካከል የነበሩት የባሌ የንስሐ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔም ሙሽሮቹን ሳጋባ ግማሽ ለግማሽ አላልኩም፤ አንድ ናችሁ ነው ያልኩት። የሱ የነበረው የሷ ነው» አሉ። ዋርሳዬ ነጠላውን አራግፎ ወጣ። ልጄ ጡቴን ለቃ ታየኝ ነበር፤ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስሁ እኔም አልለየሁም።

ከተዝካሩ ቀጥሎ በመጣው ሐሙስ ጠዋት ከደጄ «ባለ ተራ!» የሚል ድምፅ ተጣራ። ወጣሁ። በቅሏን ይዘው ቆመዋል፤ በኀዘኔ እስከ ዋንዛዋ እንዳልወርድ ብለው ዳገቱን ጨርሰው መጥተዋል። «ጀርባዋን እዪ» አሉኝ። መዳፌን አሳለፍኩ። ባሌ ሲያደርገው አይቼ አውቃለሁ እንጂ እኔ አድርጌው አላውቅም ነበር። ጀርባዋ ሞቃት ነበር። «አይቻለሁ» አልኳቸው፤ ያን ጊዜ ግማሽ በቅሎ ብቻ ሳይሆን የወንድም ጥላ እንዳገኘሁ ገባኝ፤ አጎንብሼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አጫጫኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጫኛው የት ጋ እንደሚጠብቅ፣ የት ጋ እንደሚላላ፣ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይሄድ ምን እንደሚደረግ በትዕግሥት አሳዩኝ። ወሬም አይሸሽጉኝም። አንድ ጊዜ የራሳቸውን በርበሬ ልገዛቸው ስል «አትግዢኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ በርበሬ ይወጣል፣ ይረክስብሻል» አሉኝ። በራሳቸው ላይ ነው የፈረዱት። «ሸሪክ ካወቀው ነገር ግማሹ የሸሪኩ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ግን ተጣላን። በኔ ሳምንት አልዩ አምባ ወርጄ ጌሾ ጫንኩ፤ አንኮበር ላይ ጠላ ጠማቂዎቹ ይሻሙበታል። ስመለስ ሸሪካችን ዋንዛዋ ሥር አርፈው ነበር። ሽታው ቀድሞኝ ደርሷል። ተነሥተው ጭነቱን ዞሩት።

«እህቴ፣ የኔ ግማሽ መጠጥ አይሸከምም።»

የኔ ቁጣ የገለባ እሳት ነው። «እርስዎ በሳምንትዎ ምን እንደሚጭኑ ጠይቄዎት አውቃለሁ? ተራዬ ነው! በተራዬ የፈለግኩትን እጭናለሁ!» አልኩ። ገደሉ «እጭናለሁ» ሲል መለሰልኝ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አንዲት መበለት ሽማግሌውን ስትቆጣ ማየት ለካስ ደስ ይላል።

እሳቸው ከጭነቱ አንድ ቅጠል መዝዘው አሸተቱትና፣ «ቅጠል ነው። ኃጢአቱ የሚጀምረው ጋን ውስጥ ነው፤ ጋኑ ደግሞ በቅሏ ላይ የለም» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልክ ነሽ። በተራሽ የምትጭኚውን መጠየቅ መብቴ አይደለም። ጀርባዋን ብቻ ነው የምጠይቅሽ» ብለው ወደ ግራ ያዘነበለውን ጭነቴን አስተካክለው፣ መጫኛውን አጥብቀው አሰሩልኝ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ በእሳቸው ተራ፣ በቅሏ ተወሰደች። አርበኞች ገደላገደሉን ስለያዙ ካሚዮን ወደማይደርስባቸው ምሽጎች ስንቅ የሚያደርስ ጠፍቶ ነበር፤ ወታደሮች መንገድ ላይ እየቆሙ የነጋዴ በቅሎ ይለቅሙ ጀመር። ከሸሪካችን ጋር ይጓዝ የነበረ የጨው ነጋዴ ነው ወሬውን ያመጣልን። ወታደሮቹ በርበሬውን መሬት ላይ አራግፈው «አንተ ሂድ፣ በቅሎዋ ትቅር» አሏቸው። እሳቸው ገመዱን አልለቀቁም። የጣልያኖቹ አስተርጓሚ አዝኖላቸው «ሽማግሌ፣ ነፍስህን ይዘህ ሂድ» ቢላቸው፣ «ግማሿ የኔ አይደለችም፤ የሰው ዕቃ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብለው ከበቅሏ ጋር ነጎዱ።

ዋርሳዬ ይኼን ሲሰማ ፊቱ በራ። «አብሯት ሄደ? አየሽ! ሸጦብሽ፣ እሱም ደሞዝ ተቆርጦለት ነው» አለ። ወር ሲያልፍ ተመልሶ መጣ። ደብረ ብርሃን ጽሕፈት ቤት ገብቼ ሸሪኬ በቅሎዬን ወሰደብኝ ብዬ እንድከስ ፈለገ። የግማሿ ባለቤት እኔ ስለሆንኩ ከኔ በቀር ከሳሽ መሆን የሚችል የለም፤ ካሣው ግን በእሱ እጅ እንዲያልፍ አስቧል። በዚያ ዘመን ጣልያን ዘንድ የተከሰሰ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አገር ያውቃል።

«ባለ ተራው እሳቸው ናቸው» አልኩት። «ተራቸውን ሲጨርሱ ይመልሷታል።»

«ተራው እኮ ሳምንት ነው! ወር አለፈ!»

«እንግዲያው ረጅም ሳምንት ነው።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ብሎ ተረተብኝና በሩ ላይ ዞሮ፣ «እስከ ፋሲካ ነው የምታገሥሽ። በፋሲካ በቅሎ ከሌለ ዕቃሽን ሸክፊ፤ መሬቷን አርሳታለሁ» አለ። ያልፈራሁ አይምሰላችሁ። እሳቸውን ተጠራጥሬ አይደለም፤ በሽምግልና ጉልበታቸው ከዚያ ቁር ተርፈው ይመለሳሉ ብዬ ማመን ስለከበደኝ ነው። ልጄን ታቅፌ ጣሪያውን እያየሁ፣ «ጌታዬ፣ በቅሏ ብትቀርም ትቅር፣ ሰውየውን አምጣልኝ» ብዬ የጸለይኩበት ጊዜ አለ።

ሐሙስ ሲደርስ እግሬ ለምዶ ወደ ዋንዛዋ ወረደ። እታለም ተቀምጠዋል። የእሳቸውም እግር ለምዶ ኖሯል ያመጣቸው። ተያየን። እኔ የያዝኩት የባቄላ ቋጠሮ ነበር፤ እሳቸው ጥጥ ይዘዋል። ተለዋወጥን። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለታችንም የምንችለውን ያህል በጀርባችን አዝለን መጣን፤ ከዚያ ወዲያ አልቀረንም። እሳቸው የደጋውን እህል ቆላ ይሸጣሉ፣ እኔ የቆላውን ደጋ፤ የተገኘውን ዋንዛዋ ሥር እኩል እንካፈላለን። «ከፈጣሪ የመጣ የሁለታችን ነው ተብሏል» ይላሉ እታለም። አንድ ቀን ሸክሜን ሳወርድ ከኋላዬ መጥተው መዳፋቸውን በጀርባዬ ላይ አሳለፉና፣ «እስቲ ጀርባሽን ልይ» አሉ። ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ሁለታችንም አለቀስን።

ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ ተጋመሰ። ሆሳዕና ሲቃረብ ጣልያን ደብረ ብርሃንን ለቀቀ የሚል ወሬ መጣ። ሰዉ እልል ይላል፤ እኔ የምሰማው ፋሲካ መቅረቡን ብቻ ነው። ዋርሳዬ በሬዎቹን ይዞ ከመሬቴ አጥር ሥር ማዋል ጀምሯል።

ሐሙስ ነበር። ልጄን ለጎረቤት ትቼ፣ የገብስ ስልቻዬን አዝዬ ወደ ዋንዛዋ ልወርድ ከደጄ ስወጣ ከደብረ ብርሃን በሚያመጣው መንገድ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ያንን አካሄድ አውቀዋለሁ። ስልቻው ከጀርባዬ ወረደ።

በቅሏ ጎድኗ ይቆጠራል። ገመዷን የያዙት ሰውዬ ከእሷ ብሰው ከስተዋል፤ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ሰላምታም አላስቀደሙ። ደጄ ላይ ቆሙና፣ «ጀርባዋን እዪ» አሉኝ።

መዳፌን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አሳለፍኩ። መልሼ አሳለፍኩ። ድልድሉን አንሥቼ ጠጉሯን እየከፈልኩ ፈለግኩ። እብጠት የለ፣ ቅርፊት የለ፣ ነጭ ጠጉር የለ። በጋውን ሙሉ የወታደር ስንቅ ስትሸከም የከረመች በቅሎ!

«አይቻለሁ» አልኩ። «ግን እንዴት ሆኖ?»

«አልሐምዱሊላህ» ብቻ አሉ።

ጣልያኖቹ ሲሸሹ ከብቱን በየመንገዱ ጥለው መሄዳቸውን፣ እሳቸው ገመዷን ይዘው በዚያው መመለሳቸውን ነገሩኝ። በሶ በጥብጬ ሰጠኋቸው። የስግደት ሰዓታቸው ደርሶ ነበርና ውሃ ለመኑኝ፤ ሊታጠቡ ሲያጎነብሱ ጋቢያቸው ተንሸራተተ። ከትከሻቸው እስከ ጀርባቸው ድረስ ገጣባ ነው። መጫኛ የበላው ሥጋ፤ አንዳንዱ ጠባሳ ሆኗል፣ አንዳንዱ ገና ያዣል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ፤ እየጮኽኩ ነበር።

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «የሚጭኑባት ለሁለት በቅሎ የሚበቃ ነው። ትንሽ ትንሽ አነሣላት ነበር።»

«ጉዳት ከሆነ እኩል ነው የተባባልነው! ከፈጣሪ የመጣ የሁለታችን ነው!»

«ከፈጣሪ አልመጣም፤ በገዛ እጄ ነው ያነሣሁት። ደግሞም በኔ ተራ ነው» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው በዝግታ። ገመዷን ዘረጉልኝ። «ተራዬ ብዙ ረዘመብሽ፤ ይቅር በዪኝ። ዛሬ ተራው ያንቺ ነው።»

ገመዱን ተቀበልኩ። ሰግደው ሲጨርሱ ዱላቸውን አንሥተው ቁልቁለቱን በእግራቸው ሊጀምሩት ሆነ። በቅሏን አዙሬ ከፊታቸው አቆምኳት።

«ይውጡ።»

«ወዴት?»

«በቅሏ ላይ።»

«እህቴ፣ የጭነት በቅሎ ናት እኮ፤ ሰው አይቀመጣትም…»

«ተራዬ ነው» አልኳቸው። «በተራዬ የፈለግኩትን እጭናለሁ።»

ቃል የሚለቅሙት ሰውዬ ያን ቀን ቃል አላገኙም። የቤቴን መደብ ረግጠው ወጡ። እኔ ገመዱን ይዤ ቀደምኩ። አጥሩ ሥር ዋርሳዬ ከበሬዎቹ ጎን ቆሞ ያያል። «ሳምንቱ አለቀ!» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ በሬዎቹን ይዞ ደጄን አልረገጠም።

ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን። አንዳንዴ ከኋላዬ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል፣ ዞሬ ግን አላየኋቸውም። ዋንዛዋ ስትታየን እታለም እንደ ወትሮው ጥጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና አሉ። ጥጡ ወደቀ። ሮጠው መጥተው ከበቅሏ እግር ሥር ሲቆሙ ባላቸውን የት እንደሚነኩ ግራ ገብቷቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እኔም ገመዱን እጃቸው ላይ አደረግኩና፣ «እታለም፣ ጀርባቸውን ይዩ» አልኳቸው።